ከሰመጠ መርከብ ወጥቶ በዚያው ቀን ደሴ መግባት፦ የደረሰብኝን ላካፍላችሁ

የጦሳ ልጅ (ደሴ) — እሑድ ማታ 2፡40

ለሁላችሁም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ሲሆን፣ ላለፉት ጥቂት ዓመታት የምሠራው ጂቡቲ በአንድ የትራንዚት ድርጅት ውስጥ ነው። በወደብ ከተማ ሥራ የሌለበት ቀን አልገፋ ስለሚል፣ አርብና ቅዳሜን ከመቃም ይሻላል ብዬ ስኩባ፣ ማለትም የታመቀ አየር በሲሊንደር (በቦምቦላ) ተሸክሞ መጥለቅ፣ ተማርኩ፤ የምስክር ወረቀትም ያዝኩ። ይህን የምጽፈው ግን ስለ ባሕሩ ውበት ለማውራት ሳይሆን፣ ከኛ አገር ሄዶ የሚጠልቅ ሰው ሊያውቀው የሚገባ፣ እኔ ግን በሕመም የተማርኩት አንድ ነገር ስላለ ነው።

ባለፈው ወር ማለቂያ ላይ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ ከሙሻ ደሴት ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የሰመጠ የጭነት መርከብ ላይ ለሁለት ቀን ተከታትለን ጠለቅን። በገመዱ ይዘን ስንወርድ መጀመሪያ የሚታየው ጥላ ብቻ ነው፤ ዓይን ሲለምድ ግን ጥላው ምሰሶ፣ መሰላልና የተጋደመ ክሬን ይሆናል። ጥልቀት ቀይ ቀለምን ከሁሉ አስቀድሞ ስለሚውጠው ሁሉም ነገር አመድማ ሰማያዊ ነበር። የጭነት ክፍሉ አፍ ላይ ደርሼ የእጅ መብራቴን ሳበራ የዛገው ብረት በአንድ ጊዜ የበሰለ ብርቱካን መሰለ፤ ከሥሩም እሾሃማ ክንፎቿን እንደ ማራገቢያ የዘረጋች ዓሣ ምንም ሳትንቀሳቀስ ቆማ ታየኛለች። ወደ ውስጥ ጥቂት ገባ እንዳልን ከፊቴ የነበረው ባልደረባዬ እግሩን አንዴ ቢያወናጭፍ ለዓመታት የተኛው ደለል ተነሣ፤ አተላው እንደተበጠበጠ የጠላ ጋን ሆነና የገዛ እጄን ማየት አቃተኝ። የበሩን ጠርዝ በእጄ ይዤ ስለነበር ወደ ኋላ ብዬ ወጣሁ። በዚያን ጊዜ ከሁሉ የከፋው አደጋ ያ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ የመጨረሻውን ጠለቃ ጨርሰን የወጣነው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ጥልቀታችን 30 ሜትር ነበር፤ የጠለቃ ጊዜዬን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተሬ ከፈቀደልኝ ደቂቃ አላለፍኩም፤ 5 ሜትር ላይም ሦስት ደቂቃ ቆሜ ነው የወጣሁት። እናቴ ስለምትጠብቀኝ 5 ሰዓት ላይ በጓደኛዬ ፒክአፕ ተነሣን። ገላፊን አልፈን፣ ሰመራንና ሎጊያን ተሻግረን ሚሌ ስንደርስ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሆኖ ነበር። እስከዚያ ደህና ነበርኩ። ሚሌን ለቅቀን ወደ ባቲ ሽቅብ ስንያያዝ ግራ ትከሻዬን ጠዘጠዘኝ፤ ሲሊንደር ስሸከም የተጎዳሁ መስሎኝ ዝም አልኩ። ኮምቦልቻ ላይ ሕመሙ ወደ ክርኔ ወረደ፤ ጣቶቼም ጉንዳን እንደሚሄድባቸው ይወሩኝ ጀመር። ደሴ 5 ሰዓት ሲሆን ደረስን፤ በዚያ ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም።

እናቴ «ብርድ ነው የመታህ፤ ቆላ ለምደህ መጥተህ» ብላ በቅቤ አሸችኝ፤ ሲነጋም ወጌሻ ካልተጠራ አለች። እኔ ወደ አንድ ጤና ተቋም ሄድኩ፤ የጡንቻ መሳሳብ ነው ተብሎ ማስታገሻ ክኒን ተሰጠኝ። በእርግጥ ባለሙያው የሚወቀስበት ምክንያት የለም፤ ከባሕር መጣሁ አልኩት እንጂ በተጨመቀ አየር እየተነፈስኩ ጠልቄ ነበር አላልኩትም። በመጨረሻ አሠልጣኜ ዘንድ ደወልኩ። «አሁን ያለህበት ከፍታ ስንት ነው?» አለኝ። 2,500 ሜትር ገደማ ነው ስለው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያም ቶሎ ኦክስጅን እንድፈልግና ወደ ታች እንድወርድ አዘዘኝ። ኋላ በግፊት የሕክምና ክፍል (የአየሩ ግፊት ከፍ በሚደረግበት ዝግ ክፍል) ውስጥ ለሰዓታት ተቀምጬ ሕመሙ ለቀቀኝ። የትንሽ ጣቴ መደንዘዝ ግን እስካሁን አልፎ አልፎ ይመላለሳል።

ሕክምና የምታውቁ፣ ባሕርም የምታውቁ ካላችሁ ሐሳብ ስጡበት።

ሲስተር ዘቦርከና (ኮምቦልቻ) — እሑድ ማታ 3፡25

ወንድሜ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ። ብዙ ሰው የማያውቀው ጉዳይ ስለሆነ በቀላሉ ላስረዳ።

የምንተነፍሰው አየር አብዛኛው ናይትሮጅን ነው። በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ አንድ አንድ ከባቢ አየር ያህል ግፊት ስለሚጨመር፣ 30 ሜትር ላይ ያለ ጠላቂ የሚተነፍሰው አየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው አራት እጥፍ ነው፤ በዚህ ጊዜ ናይትሮጅኑ ወደ ደምና ወደ ሥጋ እየሟሟ ይገባል። የአምቦ ውኃ ጠርሙስን አስቡት። ክዳኑ እንደተዘጋ ሲታይ ውኃው ጭል ያለ ነው፤ ጋዙ በግፊት ታፍኖ ይኖራል። ክዳኑን ቀስ አድርጎ ያስተነፈሰ ሰው አይረጥብም፤ በአንድ ጊዜ የከፈተ ግን አረፋው በእጁ ላይ ይወርዳል። ጠላቂ ቀስ ብሎ የሚወጣውና 5 ሜትር ላይ የሚቆመው ክዳኑን ቀስ ብሎ ለመክፈት ነው፤ አለዚያ ናይትሮጅኑ በደሙና በሥጋው ውስጥ አረፋ ይሆንና ያሳምመዋል። የጠላቂዎች ሕመም የሚባለው ይኸው ነው።

ስሕተቱ ግን ከውኃው ሲወጣ ክዳኑ ሙሉ በሙሉ የተከፈተ መምሰሉ ነው። የቀረው ናይትሮጅን የሚወጣው በብዙ ሰዓታት ውስጥ ነው። ደሴ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከሚሌ ወደ ደሴ መውጣት ማለት ያልተነፈሰውን ጠርሙስ እንደገና መክፈት ነው። ለጠላቂዎች «ከጠለቃችሁ በኋላ አውሮፕላን አትሳፈሩ» የሚባለውም ለዚሁ ነው። የመንገደኛ አውሮፕላን ውስጡ የሚጠበቀው ከፍ ቢል በ2,400 ሜትር ከፍታ ልክ በሆነ ግፊት ነው። ደሴ ከዚያ ትበልጣለች። እንግዲህ እዚያ የሚኖር ሰው ሁሉ ቀንና ሌሊት አውሮፕላን ላይ እንደተሳፈረ ይቁጠረው።

የተለመደው መመሪያ አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለተከታታይ ቀናት ወይም ደጋግሞ ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት ነው፤ ሲወጣ በግድ መቆም የሚያስፈልገው ጥልቅ ጠለቃ ላደረገ ደግሞ ከዚያም የበለጠ ነው። አንተ ደሴ የገባኸው በ13ኛው ሰዓት ነው፤ ባቲን ያለፍከው ደግሞ ከዚያም ቀደም ብለህ ነው። ለኛ አገር ሰው እኔ የምመክረው ሙሉ 24 ሰዓት ነው፤ ምክንያቱም አውሮፕላን ተሳፋሪውን በሰዓታት ውስጥ መልሶ ያወርደዋል፣ ደሴ የገባ ሰው ግን እዚያው ያድራል።

የጤና ባለሙያ ዘንድ ስትሄዱ ገና ከመቀመጣችሁ «በተጨመቀ አየር ጠልቄ ነበር፤ ይህን ያህል ሜትር፣ ከይህን ያህል ሰዓት በፊት» በሉ። እስከዚያው በሽተኛው ይተኛ፣ በጭንብል ንጹሕ ኦክስጅን ይሰጠው፣ ውኃ ይጠጣ፣ ከዚያ ወደበለጠ ከፍታ አይውጣ። ኦክስጅን ሲሰጠው ሕመሙ ቢጠፋም የግፊት ክፍል ሕክምና አይቀርም። ወጌሻ መጥራቱ ግን ይቅር፤ አረፋ በማሸት አይወጣም። እናትህን ሰላም በልልኝ።

የሚሌ መንገድ (ባቲ) — እሑድ ማታ 4፡10

እኔ ይህን መንገድ በከባድ መኪና ለብዙ ዓመት የተመላለስኩ ሰው ነኝ። ወደብ ስጭን ውዬ፣ ሲመቸኝም ባሕሩ ውስጥ ዋኝቼ፣ በዚያው ቀን ደሴ ገብቼ አውቃለሁ፤ ጆሮዬ ጭው ከማለቱ በቀር ምንም ሆኜ አላውቅም። ከኔ ጋር ያሉ ሾፌሮችም እንዲሁ ናቸው። ነገሩን ማጋነን እንዳይሆን እሰጋለሁ፤ የትከሻ ሕመምማ መሪ የያዘ ሁሉ አለበት።

አሮጌው መርከበኛ (ሐይቅ) — ሰኞ ጠዋት 1፡15

ወንድማችን የሚሌ መንገድ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ መልሱም አጭር ነው። እርስዎ ሲዋኙ የተነፈሱት ከላይ ያለውን አየር ነው። ትንፋሽዎን ይዘው ጥቂት ሜትር ቢወርዱ እንኳ ይዘውት የወረዱት አንድ ሳንባ አየር ብቻ ነው፤ እሱ ወደ ደም ለመግባት ጊዜም መጠንም የለውም። ቦምቦላ የተሸከመ ሰው ግን ከታች ሆኖ ለግማሽ ሰዓት የታመቀ አየር ይስባል። የሾፌር ትከሻና የጠላቂ ትከሻ አንድ አይደሉም።

እኔ በወጣትነቴ ምፅዋ በባሕር ኃይል ውስጥ ጠላቂ ነበርኩ። ምፅዋ ለዚህ ጉዳይ ከጂቡቲ ትብሳለች፤ ከባሕሩ ጠርዝ ተነሥቶ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ተጉዞ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለችው አስመራ ይገባል። አለቃችን ቅዳሜ የጠለቀን ሰው ለቅዳሜ ማታ የአስመራ ፈቃድ አይሰጡትም ነበር። እኛ ወጣቶቹ ክፋት ይመስለን ነበር፤ አስመራ ላይ ጭፈራ አለ፣ እኛ ምፅዋ ላይ ሙቀትና ወባ እንቆጥራለን። አንዱ ጓደኛችን ተደብቆ ወጣና ጉልበቱን ይዞ ተመለሰ።

በኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥመን ቦምቦላ አሸክመን መልሰን ወደ ውኃ እናወርደው ነበር፤ ሕመሙም ይለቀው ነበር። ይህንም ብትሞክር ይጠቅምህ ነበር ልጄ።

ሲስተር ዘቦርከና (ኮምቦልቻ) — ሰኞ ጠዋት 1፡50

ጋሼ፣ ያሉትን ሁሉ በአክብሮት ተቀብዬ በመጨረሻዋ ግን አልስማማም። የታመመን ሰው መልሶ ውኃ ውስጥ ማስገባት እጅግ አደገኛ ነው። ከታች ሳለ ራሱን ቢስት ወይም እግሩ ቢደነዝዝ የሚያወጣው የለም፤ በቂ ጊዜ ሳይቆይ ቢወጣ ደግሞ በሰውነቱ ላይ ሌላ ናይትሮጅን ጨምሮ ይመጣል። ውኃውም ያበርደዋል። እባክዎ ወጣቶች ስለሚያነቡት ይህ እንዳይሞከር።

አሮጌው መርከበኛ (ሐይቅ) — ሰኞ ጠዋት 2፡05

እውነትሽን ነው ልጄ፤ ያኔ ያደረግነው ሌላ መላ ስላልነበረን ነው። ተቀብያለሁ።

መምህር ከሆጤ (ደሴ) — ሰኞ ቀትር 6፡30

ታሪክ አስተማሪ ስለሆንኩ ከጉዳዩ ሳልርቅ አንድ ነገር ልጨምር። በቀይ ባሕር ከሚገኙት የሰመጡ መርከቦች መካከል ለደሴ ሰው ከሌላው የተለየ ትርጉም ሊኖራት የሚገባ አንዲት አለች።

«ኡምብሪያ» ትባላለች። በ1911 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሐምቡርግ ላይ የተሠራች ስትሆን፣ 150 ሜትር ገደማ ትረዝማለች። ኋላ በጣልያን እጅ ሆና፣ ወደ 360,000 የሚጠጋ የአውሮፕላን ቦምብ፣ ሲሚንቶና ጥቂት የፊያት መኪናዎች ጭና ወደ ምፅዋ ትጓዝ ነበር። ጣልያን ጦርነት ባወጀችበት ዕለት፣ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም.፣ እንግሊዞች ፖርት ሱዳን አጠገብ አስቁመዋት ነበር፤ ካፒቴኗ ሎሬንዞ ሙዬዛን የጦርነቱን ወሬ በሬዲዮ አስቀድሞ ስለሰማ፣ ጭነቱ በእንግሊዝ እጅ እንዳይወድቅ የሕይወት አድን ጀልባ ልምምድ ነው ብሎ ሰዎቹን አስወርዶ መርከቧን በገዛ እጁ አሰመጣት። ቦምቦቹ ዛሬም አብዛኞቹ እንደተደረደሩ በሆዷ ውስጥ አሉ። መርከቧ በግራ ጎኗ ተኝታለች፤ ጥልቁ ክፍሏ ከ35 ሜትር ያልፋል፣ ላይኛው ጎኗ ግን ከውኃው ገጽ ብዙም አይርቅም። ጠላቂዎች በጭነት ክፍሎቿ ገብተው ፊያቶቹን ያያሉ ይባላል።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በከተማዋ ነበሩ፣ ቀይ መስቀል የሚሠራበት ሆስፒታልም አልተረፈም። በኡምብሪያ ሆድ የተኛው ጭነት ከዚያ አራት ዓመት ተኩል በኋላ ለጣልያን ምሥራቅ አፍሪካ የተላከ ነበር። ተማሪዎቼን ስለ ድብደባው ሳስተምር፣ የዚያው ዓይነት ቦምብ ሳይፈነዳ በኮራል ተሸፍኖ ዓሣ መኖሪያ እንዳደረገው ብነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል።

አሮጌው መርከበኛን ልጠይቅ፤ ምፅዋ ላይስ እንዲህ ያሉ አልነበሩም?

አሮጌው መርከበኛ (ሐይቅ) — ሰኞ ማታ 1፡20

መምህር፣ ምፅዋማ መቃብራቸው ነበረች። በ1933 ዓ.ም. እንግሊዞች ሲቃረቡ ጣልያኖች ወደቡ እንዳያገለግል ብለው መርከቦቻቸውን በየመግቢያው አሰመጡ፤ ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛዎቹንም ቀደው ወደ ታች ሰደዱ። በዓመቱ ኤድዋርድ ኤልስበርግ የተባለ አሜሪካዊ የባሕር ኃይል መኮንን መጥቶ፣ አይነሣም የተባለውን ትልቁን መጠገኛ የታመቀ አየር እየነፋ አነሣው። ውኃውን በአየር ገፍቶ ማስወጣት ማለት ነው። እኛ በደረስንበት ዘመንም ስለዚያ ሥራ የሚያወሩ ሽማግሌዎች ወደቡ ላይ አልጠፉም ነበር።

አሁን ወደ ጦሳ ልጅ ልመለስ። ስለ መንገዱ ሁሉም ተናግሯል፤ ስለ ደለሉ ግን ያለፍከው በቀላሉ ነው፤ እኔ ደግሞ ያን አላልፈውም። ልጄ፣ መርከብ ውስጥ መግባትና በመርከብ ላይ መጥለቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በላይህ ውኃ ብቻ ሲሆን የቸገረህ ጊዜ ቀስ ብለህ ወደ ላይ ትወጣለህ፤ በላይህ ብረት ሲሆን መውጫህ የገባህበት በር ብቻ ነው።

ሒሳቡን ላሳይህ። አሥራ ሁለት ሊትር የሚይዝ ቦምቦላ በ200 ባር (200 ከባቢ አየር ያህል ግፊት) ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር ይይዛል። ረጋ ብሎ የሚተነፍስ ሰው ከላይ በደቂቃ 20 ሊትር ቢፈጅ ሁለት ሰዓት ይበቃዋል። 30 ሜትር ላይ ግን አራት እጥፍ ስለሚፈጅ ያ ሁለት ሰዓት ግማሽ ሰዓት ይሆናል። መርከብ ውስጥ የሚገባ ሰው ደግሞ አየሩን ሦስት ቦታ ይከፍለዋል፤ አንዱን ለመግቢያ፣ አንዱን ለመውጫ፣ አንዱን ለክፉ ቀን። ስለዚህ ለመግቢያ የተፈቀደልህ 10 ደቂቃ ብቻ ነው ማለት ነው። ደለል የተነሣበት ሰው ደግሞ ይደነግጣል፣ የደነገጠ ሰው በደቂቃ 20 ሊትር አይበቃውም።

ከውጪ ጀምሮ ገመድ እየዘረጉ ካልሆነ ወደ ውስጥ አይገባም። ገመዱ በጣቶች መካከል ይያዛል እንጂ አይጎተትም፤ የሚጎትት ሰው ከብረት ስለት ጋር ያፋጨውና ይበጥሰዋል። እግር ሽቅብና ቁልቁል አይመታም፤ እንደ እንቁራሪት ወደ ጎን ይገፋል፤ ባልደረባህ ይህን ባለማወቁ ነው ጋኑን የበጠበጠብህ። መብራትም አንድ ብቻ አይያዝም። የበሩን ጠርዝ በመያዝህ ተርፈሃል፤ ያን እጅህን አመስግነው።

የላስታ ጎረምሳ (ወልድያ) — ሰኞ ማታ 2፡45

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ጽሑፉን ካነበብኩ ጀምሮ ልቤ ተነሥቷል። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ይህን ለመማር ምን ያስፈልጋል? ደግሞስ ጂቡቲ ድረስ ከመሄድ ይልቅ እዚሁ ሐይቅ ላይ መጥለቅ አይቻልም ወይ? ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይህን የሚያህል ውኃ እያለን።

የጦሳ ልጅ (ደሴ) — ሰኞ ማታ 3፡10

ለመጀመሪያው ጥያቄህ እኔ ልመልስ። ለመማር ዋና ማወቅ አለብህ፤ እኔ በተማርኩበት ሥርዓት 200 ሜትር ዋኝቶ 10 ደቂቃ ሳይሰምጡ መንሳፈፍ ይጠየቃል። የጤና መጠይቅም ትሞላለህ፤ አስም፣ የልብ ሕመም ወይም የጆሮ ችግር ያለበት ሰው ሐኪም ሳያየው አይጀምርም። የመጀመሪያው ደረጃ እስከ 18 ሜትር፣ ቀጣዩ እስከ 30 ሜትር ያወርዳል፤ ብዙ መርከብ ያለው በዚህ በሁለተኛው ውስጥ ነው። አብሽር፣ ከባዱ ነገር ጆሮን መልመድ ነው፤ በየሜትሩ አፍንጫህን ይዘህ በቀስታ ትነፋለህ፤ እምቢ ካለ ትወጣለህ እንጂ አትታገለውም። ሁለተኛውን ለአሮጌው መርከበኛ ትቼዋለሁ፤ ሐይቅ የሚኖሩት እሳቸው ናቸው።

አሮጌው መርከበኛ (ሐይቅ) — ማክሰኞ ጠዋት 1፡30

በየማለዳው ከእስጢፋኖስ ገዳም ማዶ ተቀምጬ ይህን ውኃ ስለማየው ጥያቄው ለእኔም አዲስ አይደለም። ከታች የሰመጠ መርከብ አትጠብቅ፤ እዚህ የሚሄደው ታንኳ ነው። ጥልቀቱ ግን ከ80 ሜትር በላይ ስለሆነ ለጠላቂ ከሚበቃ በላይ ነው።

የሚያስቸግረው ከፍታው ነው። ሐይቁ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ በላዩ ያለው አየር በባሕር ወለል ካለው አራት አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ባሕር ላይ 20 ሜትር የወረደ ሰው ሲወጣ ከሦስት ወደ አንድ ግፊት ይወርዳል። ሐይቅ ላይ 20 ሜትር የወረደ ሰው ግን ከ2.8 ወደ 0.8 ነው የሚወርደው፤ ማካፈል የምታውቅ ተማሪ ስለሆንክ አካፍለው፣ ሦስት ተኩል እጥፍ ይመጣል። ባሕር ላይ 25 ሜትር ከወረደ ሰው ጋር እኩል መሆኑ ነው። ስለዚህ ለባሕር የተሠራ የጠለቃ ጊዜ ሠንጠረዥ ይዞ ሐይቅ ውስጥ የሚገባ ሰው ሳያውቅ ከተፈቀደለት በላይ ይጠልቃል፤ ኮምፒውተሩም ለከፍታ የሚስተካከል መሆን አለበት። ጨዋማ ስላልሆነ ደግሞ ውኃው የሚያነሣው ከባሕሩ ያነሰ ነው፤ ባሕር ላይ ለመስመጫ ክብደት ብለህ የታጠቅኸውን የእርሳስ ብረት ሁሉ ታጥቀህ ብትገባ ቶሎ ታች ትደርሳለህ። ከጠለቅህም በኋላ ለጉብኝት ብለህ ወደ ደሴ አትሩጥ፤ እሷም ከሐይቅ በላይ ናት።

ብቻህን፣ ያለ አሠልጣኝ፣ ያለ ጀልባ ከሆነ አልመክርህም። መጀመሪያ ባሕር ላይ ተማር፣ ከዚያ ናና እንነጋገራለን፤ ቡና አለ።

የሚሌ መንገድ (ባቲ) — ማክሰኞ ቀትር 7፡00

መርከበኛው፣ መልስዎ ገብቶኛል፤ ቀደም ብዬ ያልኩትን አንሥቻለሁ። ለጦሳ ልጅ አንድ የማውቀውን ልናገር። ከወደብ ተነሥቶ 24 ሰዓት ለመሙላት ጂቡቲ ላይ በውድ አልጋ መተኛት ግዴታ አይደለም። እስከ ሎጊያና ሚሌ ያለው መንገድ ለኛ ቆላ ነው፤ ሚሌ ራሷ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ ወደ ባቲ ስትዞር ነው ሽቅቡ የሚጀምረው። በመጀመሪያ ወደቡ ላይ እደር፣ በማግስቱ ቀስ ብለህ ተጓዝና ሎጊያ እደር፤ ሽቅቡን በሦስተኛው ቀን ጠዋት በብርሃን ውጣው።

ሲስተር ዘቦርከና (ኮምቦልቻ) — ማክሰኞ ቀትር 7፡35

ይህ ጥሩ ዕቅድ ነው። ሆኖም መንገዱ ከጂቡቲ እንደተነሣ በየመሐሉ ከፍ የሚልባቸው ቦታዎች ስላሉ፣ የመጀመሪያዋ ሌሊት ባሕሩ ዳር መሆኗ ላይ እንዳትደራደር። አልኮልም አይኑር፤ ሰውነት እንዳይደርቅ ውኃ በብዛት ይጠጣ። ለጣትህ ደግሞ የጠላቂዎችን ሕመም የሚያውቅ ሐኪም ሳያይህና ሳይፈቅድልህ ተመልሰህ እንዳትጠልቅ።

የጦሳ ልጅ (ደሴ) — ማክሰኞ ማታ 2፡15

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐኪሙ እስኪፈቅድልኝ መጥለቁን ትቻለሁ፤ የቅዳሜው መርከብ ይጠብቀኛል፣ የሚሄድበት የለውም። ሲፈቀድልኝም የመጨረሻዋን ቀን ከውኃ ውጪ ሆኜ ላሳልፋት፣ የመጀመሪያዋን ሌሊት ጂቡቲ፣ ሁለተኛዋን ሎጊያ ላድር ወስኛለሁ። የበሩንም ጠርዝ አልፌ አልገባም፤ ከውጪ ሆኜ በመብራት አየዋለሁ።

ለእናቴ የሲስተርን ሰላምታ አድርሼ የአምቦውን ምሳሌ ነገርኳት። ጥቂት አሰበችና «ታዲያ ክዳኑ እስኪተነፍስ ሎጊያ ላይ የሚያበላህ ማነው?» አለችኝ፤ አሁን ድርቆሽ እያዘጋጀች ነው።